የቀኛዝማች ዋስ

አንዲት ምላሰኛ ቅቤ ነጋዴ ዕቁብ ወጣላት። በዕቁቡ ደንብ መሠረት ሁለት ዋስ ጠርታ፣ ገንዘቡን በመቀነቷ ቋጥራ ልትሄድ ስትል ቀኛዝማች ይመኑ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ቀኛዝማች «በንግድ ላራባላችሁ» እያሉ የሰው ገንዘብ የሚሰበስቡ፣ ቦርጫቸው ከበቅሏቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበሩ።

«ይህን ያህል ገንዘብ ለሴት ምን ይሠራላታል? ለእኔ ስጪኝና በዓመቱ እጥፍ አድርጌ እመልስልሻለሁ» አሏት፣ እጃቸውን ዘርግተው።

«ጌታዬ፣ እኔ የገዛ ዕቁቤን ለመውሰድ እንኳ ሁለት ዋስ ጠርቻለሁ። የእርስዎ ዋስ ማን ነው?»

ቀኛዝማች ደማቸው ፈላ።

«እኔን ዋስ ልትጠይቂኝ? እኔኮ ቀኛዝማች ይመኑ ነኝ! ስሜን መያዣ ያዢ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? በይ አሁን መቀነትሽን ፍቺ!»

ሴትዮዋ መቀነቷን ይበልጥ አጠበቀች።

«ስምዎትንስ ደስ ብሎኝ በያዝኩት ነበር። ግን አምና ለእህቴ አስይዘውት፣ ገንዘቧን ስላልመለሱ እስከ ዛሬ አላስለቀቁትም። መጀመሪያ ከእሷ ያስለቅቁት እንጂ ጌታዬ፤ አሁን እኮ የሚጠሩበት ስም የእህቴ ነው።»