ፊቱ ያልታየው ባለ ሞተር

አንድ ሰው ነበር። ስሙን ልተወው፤ ዘመዶቹ እዚሁ መካከላችን ተቀምጠው ቢሆንስ? እንዲያው ባለ ሞተሩ እንበለው፤ አገሩም የሚጠራው እንደዚያ ነው።

ሥራው ከብት መክተብ ነው። ጠዋት ከከተማ ይወጣል፣ ቀኑን ገጠር ውሎ ሲመሻሽ ይመለሳል። ሞተሩን የሰጠው አጎቱ ጋሽ ኤርሚያስ ነው። አሮጌ ነው። አሮጌ ስላችሁ፣ ሲነሣ የሚያስል፣ ሲቆም የሚያቃስት ዓይነት ነው። ግን ይሄዳል! ስንቶቻችን ነን አዲስ ሆነን የቆምን?

አንድ ቀን ሞተሩን በረት አጠገብ አቁሞ ከብት ሲከትብ፣ መርፌው ያስቆጣት አንዲት ላም ዞር አለች። ሐኪሙን ትታ የሞተሩን መብራት በቀንዷ አገኘችው። መስታወቱ ተፈረካክሶ መሬት ላይ ቀረ።

ባለ ሞተሩ አዘነ? አላዘነም። እንዲያውም በልቡ ላሚቱን መረቃት። ለምን መሰላችሁ? ወይንሸት የምትባል ልጅ ልቡን ከወሰደችው ቆይታለች። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩት የአቶ ማደቦ ልጅ ናት፣ የመዘምራን አባል። ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። ግን "በዚህ በሚያስል ሞተር ማን ከሰው ይቆጥረኛል?" እያለ ሲብሰለሰል ነው የከረመው። አሁን መብራት የመግዛት ሰበብ አገኘ።

ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ባለ ሱቁ ሸምሱ ሁለት መብራት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠለት። አንዱ ክቡ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ጀምሮ የነበረው ዓይነት። ሌላው አዲስ የመጣ ፓውዛ ነው።

ሸምሱ ክቡን ከባትሪ ጋር አገናኘው። ባለ ሞተሩ ጎንበስ ብሎ መብራቱን ውስጥ ውስጡን አየው። ቢጫ ነው፣ ለስለስ ያለ። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

"ይሄማ ኩራዝ ነው" አለ።

ፓውዛው በራ። ጎንበስ ብሎ ያየው ሰውዬ "እናቴ ድረሽ!" ብሎ ወደ ኋላ ተንደረደረ። እንባው ዱብ ዱብ አለ። አረንጓዴ ነገር ይታየው ጀመር፤ በሩ በየት በኩል እንደነበር ጠፋው።

"ይሄ ነው!" አለ እንባውን እየጠረገ። "መብራት ማለት እንዲህ ነው!"

ወገኖቼ፣ ልብ በሉልኝ። ሰውየው መብራት የመረጠው መብራቱን ትኩር ብሎ በማየት ነው። መንገድ አላየበትም፤ ጉድጓድ አልፈለገበትም። የመረጠው ያሳወረውን ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉ የለ?

ደግሞ የአሮጌው ሞተር መያዣ ፓውዛውን አልቀበል አለ። ምን ችግር አለ? በጎማ ላስቲክ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ትንሽ ወደ ላይ ቀና አለ። "ተወው፣ ቀና ማለቱ ያምርበታል" አለ ባለ ሞተሩ። ራስ ሳይጠና ጉተና!

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ባለ ሞተሩ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ገበያተኛው ከከተማ ወደ ገጠር ነው። ጠባቡ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እንግዲህ የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሰላም ሲል ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነው። ሲመሻሽ፣ ዓይን ያዝ ሲያደርግ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲመጣ፣ ባለ ሞተሩ ፓውዛውን አበራው።

ያን ጊዜ ምን ሆነ? ሰው ሁሉ ከመንገድ ወረደ! አንገቱን ደፋ። አንዱ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውርደው ፊታቸው ላይ አደረጉ። አህዮች ሳይቀሩ ጥግ ያዙ። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ወይንሸት ነበረች፤ እሱን ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

"አፈረችኝ!" አለ ልቡ ሊፈነዳ ደርሶ። "ትወደኛለች ማለት ነው!" ጡሩምባውን ጲጵ፣ ጲጵ እያደረገ ለሕዝቡ ሰላምታውን መለሰ።

ቤቱ ገብቶ "እማዬ፣ አገሩ በሙሉ ዝቅ ብሎ ነው ያሳለፈኝ!" አላት። እናቱም "እሰይ የኔ ልጅ! እንኳን ለዚህ አበቃህ!" ብላ እልል አለች። እናት መቼ ትጠይቃለች?

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ገበያ አለፈ፤ ሽማግሌዎች ተላኩ። ጋሽ ኤርሚያስ መሪ ሆኖ አቶ ማደቦ ቤት ደረሱ። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢባሉ፣ ደንብ ነውና "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ባለ ሞተሩ ራቅ ብሎ ድልድዩ ጋ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል።

"ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው። ያ የከብት ሐኪሙ፣ ባለ ሞተሩ" አሉ።

አቶ ማደቦ እግራቸውን ዘረጉ። እግራቸው በጨርቅ ተጠምጥሟል። በጎናቸው የተሰበረ የሸክላ ድስት ገል ተቀምጧል።

"አላውቀውም" አሉ።

"እንዴት አያውቁትም? በየገበያው መንገድ ላይ ይገናኙ የለም እንዴ?"

"እንገናኛለን። ግን ያየሁት መብራቱን ነው። ፊቱን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። እሱ ብልጭ ሲያደርግ እኛ ዓይናችንን ሸፍነን ቦይ ውስጥ ነን። ይሄ እግር እዚያ ነው የተወለቀው፤ ለባለቤቴ የገዛሁት ድስትም እዚያ ነው የቀረው። ደግሞ የሚገርመው" አሉ፣ ሳቅ እየተናነቃቸው፣ "እኛ ስንጎነበስ ሰላምታ መስሎት ነው መሰል፣ በጡሩምባ ይመልስልናል!"

ሽማግሌዎቹ ሽምግልናቸውን ረስተው ሳቁ። ጋሽ ኤርሚያስ ግድግዳ መደገፍ አስፈለገው።

አቶ ማደቦ ግን ቀልዱን አቆሙ። "ስሙኝ፤ ልጄን ፊቱን ላላየሁት ሰው አልሰጥም። ከፈለገ በሚመጣው ገበያ ከእኛ ጋር በእግሩ ይሂድ። ሞተሩን አንተ ንዳለት፣ ጋሽ ኤርሚያስ። ከዚያ በኋላ ተመልሳችሁ ኑ።"

ይሄ ሲነገረው ባለ ሞተሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። ግን ወይንሸትን ሊያጣ ነው! ምን ያድርግ? በገበያው ቀን ከገበያተኛው ጋር በእግሩ ወጣ። አቶ ማደቦ በከዘራ እያነከሱ በግራው፣ ወይንሸት ከጓደኞቿ ጋር ከኋላው። መሸት ሲል ከወዲያ ማዶ ያ የሚያውቀው ሳል ተሰማ። ሞተሩ መጣ።

ፓውዛው በራ።

ባለ ሞተሩ ምን አደረገ? ከወገቡ ዝቅ አለ። እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ የለም፤ ቦዩ ውስጥ ነው! ጋሽ ኤርሚያስም ከአቶ ማደቦ ጋር ተመካክሮ ኖሮ ጲጵ፣ ጲጵ አለለት።

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ማደቦ ከዘራቸውን ዘርግተው ሲጎትቱት "ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከበሬታ አበዛህልን?" አሉት።

እሱ ግን ጭቃው ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ገባው። ያ ሁሉ አንገት፣ ያ ሁሉ ባርኔጣ፣ ያ ሁሉ ነጠላ! አንዱም ለእሱ አልነበረም። አፈረ። ከዚያ ሌላው ሲስቅ አይቶ፣ ራሱም ሳቀ። ይህቺን ሳቅ ወይንሸት አየቻት።

በነጋታው ሸምሱ ሱቅ ተመልሶ ክቡን መብራት አስወጣ። በዚህ ጊዜ ግን ጎንበስ ብሎ አላየውም። "ግድግዳው ላይ አብራው" አለና ጀርባውን ለመብራቱ ሰጥቶ ቆመ። ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አየ። መያዣው ላይ ልክክ አለ፤ ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ አጠበቀው።

በሚቀጥለው ገበያ ማንም አልሰገደለትም። ሰው ቀና ብሎ አየው! "ውይ፣ ለካስ አንተ ነህ?" አለው አንዱ። "ጥጃዬ ታማብኛለች፣ ብቅ በልና እያት" አለው ሌላው። አንድ ሰው ሲለቀው ሌላው እየያዘው፣ ቤቱ የደረሰው እናቱ ከተጨነቀች በኋላ ነው። ወይንሸትም ነጠላዋን አልሳበችም።

"ዛሬ አታፍሪኝም?" አላት።

"ማን አፈረህ?" አለችው። "ዓይኔን ነበር የማድነው!"

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሄዱ፤ በዚህኛው ቀን ተቀመጡ። አቶ ማደቦ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ "አሁን ሰው አየሁ።" ሠርጉ ላይ እናቱ በድጋሚ እልል አለች፤ አሁን በቦታው።

ወገኖቼ፣ ሳቃችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። አሁን ልጠይቃችሁ።

አንተ አባወራ፣ ስትገባ ልጆችህ ጸጥ ይላሉ፣ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ደስ ይልሃል። አክብረውኝ ነው ትላለህ። እርግጠኛ ነህ? አንቺስ እህቴ፣ በጸሎትሽ ርዝመት ጉባኤው አንገቱን ሲደፋ፣ ልቡ ተነክቶ ነው ወይስ እግሩ ዝሎ? አንተ በመሥሪያ ቤትህ አለቃ የሆንከው፣ ኮሪደር ላይ ሰው ጥግ ጥግ ሲይዝልህ ለሰላምታ ነው ወይስ ወደ ቦዩ እየወረደልህ ነው? እኔስ ይህን ማይክራፎን ይዤ ስጮህ፣ ዓይናችሁን የጨፈናችሁት ለጸሎት ነው? ተዉት፣ አትመልሱልኝ!

በሰው ፊት አብሩ ተባልን እንጂ በሰው ዓይን ላይ አብሩ አልተባልንም። እውቀታችሁ፣ ስጦታችሁ፣ ጾማችሁ፣ መዝሙራችሁ የት ነው የሚያርፈው? ለሚመጣው ሰው እግር መንገድ ያሳያል ወይስ እናንተን ብቻ ያሳያል? ስንመርጥ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚያንጸባርቀውን አይተን እንገዛለን፤ ጀርባችንን ሰጥተን መንገዱን አናይም።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ከሞተራችሁ ውረዱ። ሚስትህ በቆመችበት ቁም፤ ልጅሽ በቆመበት ቁሚ፤ ሠራተኛችሁ በቆመችበት ቁሙ። የራሳችሁ መብራት ሲመጣባችሁ እዩት። ቦይ ውስጥ ከገባችሁ አትፍሩ፤ እዚያ ውስጥ ሆኖ የሳቀ ሰው ሚስት አግኝቷል!

ሰው አንገቱን የሚደፋበትን ሳይሆን፣ ቀና ብሎ ፊታችሁን የሚያይበትን ብርሃን ይስጣችሁ።