የዳገቱ ፈውስ

ዓመቱን ልስት እችላለሁ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ሐኪም ዳገት ላይ ባለ ጤና ጣቢያ አዲስ የንዳድ መድኃኒት ይሞክሩ ነበር። የሚሰጡት ግን በእግሩ ወጥቶ ለደረሰ ብቻ ነው። የወጡት ዳኑ፤ መነሣት አቅቷቸው ከታች የቀሩት ሞቱ። ሐኪሙም "መድኃኒቴ ፈዋሽ ነው" ብለው ጻፉና፣ ሚስቱ ከታች መንደር በንዳድ የተኛችበትን ዘበኛ ጠርተው፣ "ና፣ ምስክር ሆነህ ፈርም! እምቢ ካልህ ሥራህን ትለቃለህ" አሉት።

ዘበኛው እጅ ነሥቶ፣ "እፈርማለሁ፣ ጌታዬ። ግን የዳኑት ዳገቱንም ወጥተዋል፣ መድኃኒቱንም ጠጥተዋል፤ የትኛው እንዳዳናቸው በምን ይለያል? እስቲ መድኃኒቱን ሚስቴ እተኛችበት ትጠጣው፤ ዳገቱን እኔ እወጣላታለሁ" አላቸው።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በጥምቀት ማግስት ነው፤ ሐኪሙ መድኃኒታቸውን በበቅሎ ጭነው፣ ዘበኛው እየመራቸው፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ታዩ አሉ።