ለአንድ ጓንት የቆመ መንገድ

አንዲት ሴት ነበረች። ልጆቿን አሳድጋ፣ ድራ ኩላ፣ በስተርጅና ካናዳ ልጇ ቤት ስትገባ ሞኝ ተብላ ቁጭ አለች። "እማዬ ስቶቩን አትንኪ። እማዬ በሩን አትክፈቺ። እማዬ ተይው፣ አንቺ አታውቂውም።" አታውቂውም! ይህን የምትላት ማን መሰለቻችሁ? ንፍጧን እየጠረገች ያሳደገቻት ልጇ ምንትዋብ ናት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም የሌለው ይመስላቸዋል።

ሴትየዋን እማማ ዘርፌ እንበላት።

እማማ ዘርፌ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጅ ልጇን ማራኪን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ መቀበል። ምንትዋብ እምቢ አለች። "መንገዱ ሰፊ ነው፤ ልጄን መኪና ይገጭብኛል።" ለልጅ ልጅ አለመታመን! ከዚህ የባሰ ስድብ ታውቃላችሁ?

አንድ ቀን ግን ምንትዋብ ከሥራ መውጣት አቃታትና ደወለች። "እማዬ በሞቴ፣ ደጃፉ ላይ ቁሚና ጠብቂያት። ከእግረኛ መንገዱ እንዳትወርጂ።"

"እሺ" አለች፣ እንዳኮረፈች።

ቢጫው አውቶቡስ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ሹፌሩ ጥምጥሙን ያሳመረ ሕንዳዊ ነው። ከአውቶቡሱ ጎን ቀይ ምልክት እንደ ክንድ ተዘረጋ። ማራኪ ወርዳ መሻገር ጀመረች። መሐል መንገድ ላይ ስትደርስ ጓንቷ ወደቀ። ልጅ አይደለችም? ለማንሳት ጎንበስ አለች።

እማማ ዘርፌ ዓይኗን ጨፈነች። ጡሩምባ ጠበቀች። ፍሬን ጠበቀች። ጩኸት ጠበቀች።

ምንም የለም።

ዓይኗን ስትገልጥ መንገዱ በሙሉ ቆሟል። ከላይ የመጣውም፣ ከታች የመጣውም ቆሟል። ቤት የሚያህል የጭነት መኪና ቆሟል። የፖሊስ መኪና ሳይቀር ቆሟል። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቻይናው፣ ሂጃብ የለበሰችው ሶማሌ፣ ሁሉም መሪውን ይዞ አንዲት ልጅ ከጓንቷ ላይ በረዶ ስታራግፍ ያያል። አንድ እንኳ ጡሩምባ የነካ የለም።

እማማ ዘርፌ ወደ አስፋልቱ ወረደች። አትውረጂ ተብላለች፤ ማን ሊሰማ! መሐል ገብታ፣ ካፖርቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ለጭነት መኪናው እጅ ነሳች። ለፖሊሱ እጅ ነሳች። ዞራ ለሶማሌዋ። "እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ። ክፉ አይንካችሁ።" ሰው ሁሉ አሁንም ይጠብቃል። አሁን የቆመው ደግሞ ለአሮጊት ነው!

ማራኪ አፍራ እጇን ጎተተቻት። "አያቴ ነይ! ማመስገን የለብሽም። ሕግ ነው።"

"የምን ሕግ?"

"ሁልጊዜ ይቆማሉ። ለሁሉም ልጅ።"

እማማ ዘርፌ ዕንባዋ መጣ። ደግነት ቢሆን ይገባት ነበር፤ ደግ ሰው ዛሬ ይቆምልሃል፣ ነገ ይቸኩላል። ይህን ግን ማራኪን ያላያት፣ ስሟን ያልሰማ ሰው፣ እሷ ገና ሳትወለድ፣ ልጅ ሲሻገር ሁሉ ይቁም ብሎ አስቦላታል። እናቷ እንኳ ሳታስባት!

ምንትዋብ ስትሰማ "መሐል መንገድ ገባሽ?" ብላ ጮኸች።

"ገባሁ። ነገም እገባለሁ።"

"ነገም አያቴ ትምጣ" አለች ማራኪ። ምንትዋብ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን የምትቀበለው እማማ ዘርፌ ሆነች።

እናንተስ? እናንተ ለማን ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ጌታ ሕዝቡ እየገፋው፣ እየቸኮለ፣ የልብሱን ጫፍ ለነካችው ለአንዲት ሴት አልቆመም? ወይስ እናንተ ከእሱ የባሰ ጉዳይ አለባችሁ?

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ፣ አንዲት ሕፃን ወደ ፊት ወጥታ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሌሎቹ ልጆች ወደተዘጋባቸው ምድር ቤት ተሸኘች። ጸሎት እንዳትረብሽ! ለማራኪ የማያምነው የጭነት መኪና ቆመላት፤ የእኛ ጸሎት መቆም አቃተው። ምን ልትል እንደነበር የጠየቃት አለ? አንድ ሰው?

አንተ፣ በሩ ላይ የቆምከው፣ ፍሬሰንበት ልጄ። ወደ ኋላህ አትይ፣ አንተን ነው። ውረድና የምድር ቤቱን በር ለልጆቹ ክፈትላቸው። ይውጡ። እየሮጡ ይውጡ፤ ጓንታቸውም ይውደቅ። የመጨረሻዋ ልጅ መጥታ እስክትቀመጥ ድረስ ማንም ቃል እንዳይተነፍስ።

ይኸው፣ እኔም ዝም አልኩ። ሂድ!