የተከደነው ሳህን

አንድ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ለእናቴም ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ «ሃይማኖቷን ለውጣ መጣች» እንዳልባል ፈርቼ ነው። ዛሬ ስሜን ሳልገልጥ እጽፈዋለሁ። ያነበበ ያስብበት፤ የወደደም ለሌላ ያካፍለው።

ለትምህርት ታይላንድ ሳለሁ ለመስክ ጥናት ወደ አንዲት የገጠር መንደር ተላክሁና በአንድ ሀብታም የሩዝ ነጋዴ ቤት አረፍሁ። ሰውየው ሉንግ ታዊ ይባላል፤ ሉንግ ማለት እንደ እኛ ጋሼ ማለት ነው። በዚያ መንደር ጎህ ሲቀድ የቡድሃ መነኮሳት ባዶ እግራቸውን በአንድ ረድፍ ሆነው ከገዳማቸው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ባለ ክዳን ጎድጓዳ ሳህን ታቅፏል። እንደ ቆሎ ተማሪ ደጅ ላይ ቆመው አይለምኑም፤ ዝም ብለው ያልፋሉ። ሰው ግን ጫማውን አውልቆ፣ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ይጠብቃቸዋል። ክዳኑ ሲከፈትለት ትኩስ ሩዝ ይጨምራል። መነኩሴው አያመሰግንም። እጅ የሚነሳው ሰጪው ነው።

ሉንግ ታዊ ግን መስጠት ተከልክሎ ነበር። የገዳሙን ቦታ ለሩዝ ወፍጮው ፈልጎ ሲጠይቅ አሮጌው አበምኔት እንቢ አሉት። በዚህ ተናዶ «ሽማግሌው በድብቅ ልጅ ወልደዋል» የሚል ወሬ ገበያ ለገበያ ነዛ። መነኮሳቱ አልከሰሱትም፤ አልረገሙትምም። ተሰብስበው ሳህን ደፉበት። በእነሱ ዘንድ ከዚህ የከበደ ቅጣት የለም፤ የበደለው ሰው በደሉን እስኪያምን ድረስ ከእጁ አንዲት ፍሬ ሩዝ አይቀበሉም።

መጀመሪያ ሳቀ አሉ። «ይኸው ሩዜ ለእኔው ተረፈልኝ!» ብሎ።

ከዚያ እናቱ ሞተች። እነሱም እንደ እኛ ተዝካር ያለ ቀን አላቸው። ልጅ መነኮሳትን ያበላል፤ የምጽዋቱ በረከት ለሟች ይደርሳል ብለው ያምናሉ። ሉንግ ታዊ እናቱን ባዶ እጇን መስደድ አልቻለም። በየማለዳው በገዛ እጁ አብስሎ በሩ ላይ ይንበረከካል። መነኮሳቱ እሱ ዘንድ ሲደርሱ ሳህናቸውን ከድነው ያልፋሉ። ወደ ሌላ ገዳም መኪና ሙሉ ምግብ ላከ፤ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበርና መኪናው እንደ ሞላ ተመለሰ። ምግቡን ዶሮዎቹ በሉት።

«የሉንግ ታዊ ዶሮዎች እኮ መነኮሱ!» ትላለች ጎረቤታችን ዓሣ ነጋዴዋ።

«አውራ ዶሮውማ ዘንድሮ አበምኔት ይሾማል» ይላል ባሏ።

ሉንግ ታዊ እንዳልሰማ ያልፋል።

የእናቱ መታሰቢያ ነገ ሊሆን፣ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ልጄ፣ በአንቺ ላይ ሳህን አልተደፋም። ነገ ሩዙን አንቺ ስጪልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።»

«እናቴ ደግሞ ሞታለች» አለኝ።

እሺ አልሁት።

በማግስቱ የሩዙን ቅርጫት ይዤ፣ የእሱን በር ከድነው ስለሚያልፉት፣ በዓሣ ነጋዴዋ በር ተንበረከክሁ። ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር። በመጀመሪያ የታየኝ ብርቱካንማ መስመር ነው፤ ቀጥሎ እግሮች እርጥቡን አፈር ሲነኩ ሰማሁ። ውሾቹ እንኳ አልጮኹም። ታቦት ሲያልፍ የሚሰማኝ ዝምታ በሰው አገር፣ በሌላ እምነት ደጃፍ አገኘኝ። ለማንም ያልነገርኩት ይህንን ነው።

አበምኔቱ ፊቴ ቆመው ክዳኑን ከፈቱ። ቅርጫቱን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ይህን ያበሰልሽው አንቺ ነሽ?»

መዋሸት አልቻልሁም። «አይደለሁም አባቴ።»

«እንግዲያው ባለቤቱ ይምጣ» አሉና ክዳኑን መለሱት። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን እጃቸው ክዳኑ ላይ ሲዘገይ ነው። መከልከሉ ከተከልካዩ ይልቅ እሳቸውን የከበዳቸው መሰለኝ።

ሉንግ ታዊ ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ሲያይ ኖሯል። ነጠላ ጫማው ከእግሩ እየወለቀ ሮጦ መጣና ጭቃው ላይ ተደፋ።

«አባቴ፣ ዋሽቻለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጮክ በል እንጂ ሉንግ!» አለች ዓሣ ነጋዴዋ። «ያኔ ስታወራ በሹክሹክታ አልነበረም!»

«ዋሽቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ልጅ የላቸውም! ቦታውን ስለከለከሉኝ ፈጥሬ ያወራሁት ነው!»

ማንም አልሳቀም። አበምኔቱ ዞረው ወደ ገዳሙ ተመለሱ፤ ረድፉም ተከተላቸው። የደፋው የመነኮሳቱ ማኅበር ነውና ሳህኑን የሚያቀናውም ማኅበሩ ነው። ሰውየው ካለበት አልተነሳም። እኛም ወደ ቤታችን አልገባንም።

ፀሐይ ጉሙን ስትገልጠው ብርቱካንማው መስመር እንደገና ታየ። በአንድ ማለዳ ሁለት ጊዜ ሲወጡ በዚያ መንደር ያየ ሰው አልነበረም። መንገዱ ሁሉ ተንበረከከ። አበምኔቱ በሉንግ ታዊ ፊት ቆመው ክዳኑን ከፈቱ። ሰውየው ሲቸኩል የሩዙ እኩሌታ መሬት ወደቀ፤ እሳቸው ሁለተኛ እስኪጨምር ጠበቁት። ከዚያ መነኮሳቱ መዘመር ሲጀምሩ፣ ሉንግ ታዊ እንደ ልማዳቸው ውኃ ከትንሽ ማንቆርቆሪያ ወደ መሬት እያንጠባጠበ «ለእናቴ ይድረስ፣ ለእናቴ ይድረስ» አለ።

እስከዚያ ቀን መስጠት የባለጸጋ ክብር፣ መቀበል የድኻ ዕጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚቀበል ሰው ሰጪውን ከሰው ተራ ያስገባዋል። እጁን የሰበሰበ ደግሞ ሰይፍ ሳይመዝ ይቀጣል። እነዚያ መነኮሳት ክዳኑን የከደኑት በምክንያት ነው፤ የከፈቱትም ቸኩለው ነው። እኛስ? ያለ ምክንያት የከደንነው በስንት ሰው ላይ ይሆን?

እኔ በአንዲት ሴት ላይ ከድኜ ነበር። የሉንግ ታዊ ቤት አብሳይ ፓ ቡዋ፣ ፓ እንደ እኛ እትዬ ማለት ነው፣ በየጠዋቱ አንድ የሚበላ ነገር ታቀርብልኛለች። እኔም ባገሬ ወግ «ጠግቤአለሁ» እላለሁ፤ «በሞቴ» እስክባል እየጠበቅሁ። እዚያ አገር ግን «በሞቴ» የሚል የለም። ምንም ሳትል መልሳ ትወስደዋለች፤ ሳህኑን ይዛ ስትመለስ ትከሻዋ ወረድ ይል እንደነበር ልብ ያልሁት ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፓ ቡዋ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ ይዛ መጣች። ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኋት፤ እሷ እያየችኝም እስከ መጨረሻው በላሁት።