የደረቀው ግራር መራጮች

«እመት አህይት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትወጣ ወደ ዋርካው ጠጋ በይ እንጂ። ጨውሽ ተቀምጦልሻል» አለች ጦጢት፣ የአያ ጅቦ አፈ ቀላጤ።

«ዛሬ ጨው አላሰኘኝም።»

«ጨው የማያሰኘው አህያ ዛሬ ገና አየሁ። አርግዘሽ ይሆን?»

«አርግዣለሁ» አለች አህይት፤ አልፋትም ሄደች።

ጦጢት ሳቋን ዋጠችው። የአምናው ውርንጭላ የት እንደገባ ሸለቆው በሙሉ ያውቃል።

በአንበሳ አገር እያንዳንዱ ሸለቆ ለንጉሡ ሸንጎ አንድ እንደራሴ ይልካል። የጭንጫ ሸለቆ ሥርዓት ደግሞ ቀላል ነበር። ተወዳዳሪው አንድ ዛፍ ይይዛል፤ መራጩ በቀትር ከወደደው ዛፍ ሥር ሄዶ ይቆማል፤ ከንጉሡ የተላከው ቀበሮ ይቆጥራል። ምስጢር የለም። ማን የት እንደቆመ አገር ያያል፤ አያ ጅቦም ያያል። በሸለቆው ጥላ ያለው ዛፍ አንድ ዋርካ ብቻ ነው፤ እሱም የበቀለው ከአያ ጅቦ ጉድጓድ ደጃፍ ነው።

የአያ ጅቦ አያት ያለ ተወዳዳሪ ሸንጎ ገባ። አባቱ ያለ ተወዳዳሪ ገባ። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማች ጅቦች ተጣልተው ተወዳደሩና ሸለቆው የመምረጥ ነጻነት አገኘ፤ ጨው እንደዚያ ዓመት ተትረፍርፎ ስለማያውቅ ሽማግሌዎች ዛሬም «ያ ነበር ምርጫ!» ይላሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሚዳቋ ተወዳደረች። ከደረቀው ግራር ሥር ብቻዋን ቆማ ዋለች። በማግስቱ ስለ ሚዳቋ የጠየቀ አልነበረም፤ ስለ አጥንቷም።

ምንጩን ያጠረው ይኼኛው ጅብ ነው። «ሌባ እንዳይጠጣባችሁ» ብሎ። ለጥበቃው ዋጋ በየበጋው አንድ ግልገል ወይም አንድ ውርንጭላ ይወስዳል። አጥሩን ማስነሣት የሚችል ሸንጎው ብቻ ነው፤ በሸንጎው ፊት ስለ ሸለቆው የሚናገር ደግሞ አያ ጅቦ ነው። ሸለቆው ደኅና መሆኑን ይናገራል።

አምና ተራው የአህይት ነበር። ዘንድሮ ደረቁን ግራር ያዘች።

ከምርጫው በፊት በደረቁ ወንዝ ውስጥ ተሰብስበው መክረው ነበር። መጀመሪያ የተናገረው ጃርት ነው።

«እመት አህይት፣ አትቀየሚኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።»

«ባል አምጡልኝ አላልኋችሁም። ቁሙልኝ ነው ያልኋችሁ።»

«ከቆምን ይበላናል» አለ በግ።

«ካልቆምንስ?»

በግ መልሱን ስላወቀው ሣር ፈልጎ አቀረቀረ። ሣር አልነበረም።

የምርጫው ቀን መጀመሪያ የመጣችው ጥንቸል ናት፤ ዐይኗን ጨፍና ሮጣ ከግራሩ ግንድ ጋር ተላተመች። ከዚያ በጎቹ መጡ፣ እየተገፋፉ፣ ማንም መጀመሪያ የመጣ እንዳይመስል። ጃርት እያጉረመረመ መጣ። ፍየሎቹ መጡ። ከዋርካው ሥር ጦጢትና የአያ ጅቦ ዘመዶች ብቻ ቀሩ።

ቀበሮ አልቸኮለም። ከዋርካው ሥር ጋደም ብሎ «ቀትር ገና ነው» አለ። የመራጮቹ ጥላ እግራቸው ሥር ገብቶ ሲያልቅ «ገና ነው» አለ። ጥላቸው በሌላው ጎን ብቅ ሲል «የደረሰ ይመስላል፤ ቢሆንም እናጣራ» አለ።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ የምንጩን አጥር በገዛ እጁ ከፈተ። «የጠማው ይምጣ። ዛሬ በነጻ ነው።»

የውሃው ሽታ እስከ ግራሩ ደረሰ። አንዲት ፍየል መቆም አቃታትና ሄደች፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ፍየሏ እስክትጠግብ ጠጣች፤ ጢሟ እየተንጠባጠበ ተመልሳ ከአህይት ጎን ቆመች።

«ምነው? በነጻ ነው ብሏል እኮ» አለች።

ከግራሩ ሥር ሳቅ ፈነዳ። በዚያ ሸለቆ፣ አያ ጅቦ እየሰማ፣ እንዲያ ተስቆ አያውቅም። ጥንቸል ግን በጥሙ ራሷን ስታ ወደቀች፤ አህይት ዞር ብላ የሆዷን ጥላ ጣለችባት። ማንም አልሄደም።

ቀበሮ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ሌላ መንገድ ሲያጣ «አህይት ተመርጣለች» አለ።

እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት የቀደመው አያ ጅቦ ነበር። «ሕዝብ ሲናገር እኔ እሰማለሁ» አለና በዚያው ቀበሮን አስከትሎ የንጉሡን ከተማ መንገድ ያዘ።

«ሸሸ!» ብሎ ጮኸ ጃርት።

አህይት አቧራቸውን ስታይ ቶሎ ልነሣ አለች። ሸለቆው ግን ገና መጨፈር መጀመሩ ነበር። «እንደራሴያችን እንደ ሌባ ሹልክ ብላ አትሄድም፤ በወግ እንሸኛታለን» አለ በግ። እስኪደክማቸው ጨፈሩ፤ ከዚያ በወግ ሸኟት። ሆዷ ከብዶ ስለነበር መንገዱ ረዘመባት። በየዳገቱ የምትናገረውን ታጠናው ነበር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ከመውለዴ በፊት አጥሩ ይነሣልኝ።

የሸንጎው በር ጠባቂ ከርከሮ ነው።

«ከየት ነሽ?»

«ከጭንጫ ሸለቆ። እንደራሴ ነኝ።»

«ጭንጫ ሸለቆ የሚባል የለም።»

«የመጣሁት ከዚያ ነው እኮ።»

«መጥተሽ ይሆናል። አገር ግን አይደለም» አለ ከርከሮ፤ ክፉ አልነበረም። «ሰሞኑን ወሰን ተስተካከለ፣ እናቴ። ከደረቁ ወንዝ ወዲህ ያለው ወደ ነብር ኮረብታ ገባ፤ ወዲያ ያለው ወደ አዞ ረግረግ። ሸለቆው ለብቻው እንዳይቸገር ተብሎ ነው።»

«ጌቶቹ ነብርና አዞ ናቸው?»

«እንደራሴዎቹ በይ።»

«ምንጩስ? ምንጩ ወዴት ገባ?»

«ምንጩ ራሱን ችሏል።»

«ማን ይኖርበታል?»

«አንድ ነዋሪ አለው። ትናንት በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።»

ገርበብ ባለው በር በኩል አየችው። ከንጉሡ በስተግራ፣ አባቱና አያቱ በተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ስለ አንድ ጉዳይ በእርጋታ ይናገራል። ሆዷ ውስጥ ያለው ተራገጠ።

«አያ ጅቦ!» አለች።

አያ ጅቦ ንግግሩን አቋረጠ። ዘወር ብሎ መጀመሪያ ዐይኗን፣ ቀጥሎ ሆዷን አየ።

«ከርከሮ፣ ንፋስ እየገባ ነው» አለ።

ከርከሮ በትከሻው ገፍቶ በሩን ዘጋው።