ከጥዱ ሥር የቆመችው

ለሚጠሯት ፈጥና የምትደርስ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ በኀፍረት ታስራ ከደጅ ለቀረች ሴትና ለወንድሟ ልጅ ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ምእመናን ሆይ፣ ልባችሁን ከፍታችሁ ስሙ።

ከዓባይ ወዲያ በጎጃም ምድር፣ ኪዳነ ምሕረት በምትከበርባት ትንሽ ከተማ፣ ትርሲት የምትባል መምህርት ነበረች፤ የክርስትና ስሟም ወለተ ኪዳን ነው። አባቷ የኔታ ፈንታ ገና በሰባት ዓመቷ ውዳሴ ማርያምን በቃል አስጠንተዋት ነበርና፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ሳታደርስ ከቤቷ የወጣችበት ቀን አልነበረም። ከዚያም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ለከተማው ልጆች ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር፤ ወር በገባ በዐሥራ ስድስተኛው ቀንም ዳቦ ጋግራ በደጀ ሰላሙ ለነዳያን ታድል ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆናት ሕመም ያዛት። ሆዷን እየቆረጠ በቀን ስምንትና ዐሥር ጊዜ ያስወጣት ጀመር፤ የሚወጣውም ደም የተቀላቀለበት ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ አሜባ ነው ብለው እንክብል ሰጧት፤ ደሙም ጥቂት ሳምንታት ቆሞ ተመለሰ። እርሷ ግን ደግማ አልሄደችም፤ መድኃኒት የሚሰጠው ወጣት ቀድሞ ያስተማረችው ነበርና፣ ስለ ሰገራዋ ሲጠይቃት ዓይኑን ማየት አቅቷት ነበር።

ከዚያም ማንንም ሳትጠይቅ በራሷ ላይ ፍርድ ፈረደች። ሴት በወር አበባዋ ወራት ከቤተ መቅደስ ውጭ ቆማ እንደምታስቀድስ ታውቃለችና፣ የሌሎቹ ደም በቀኑ ያቆማል፣ የእኔ ግን ማቆሚያ የለውም፤ እንግዲህ መግባትም መቁረብም ለእኔ አልተፈቀደም አለች። ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደ ትንሣኤ እንኳ አልተናገረችም፤ አንጀትንና ሰገራን በቄስ ፊት በምን አፍ ታንሣው? ስለዚህ ከምዕራቡ በር ውጭ ካለው ትልቅ ጥድ ሥር ቦታ ያዘች፤ በክረምትም በበጋም ከዚያ አልተነቃነቀችም፤ ሰው ሲጠይቃት የዕጣኑ ጢስ ራሴን ያመኛል ትል ነበር። ጎረቤቷ እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ጨዋታ የማያልቅባቸው ሴት ነበሩና፣ «መምህርት፣ ጥዱን በስምሽ አዛወርሽው እንዴ?» እያሉ ሴቶቹን ያስቁባት ነበር። ሁለት ጊዜም ለጋብቻ ተጠይቃ፣ ለእመቤታችን ስእለት አለብኝ ብላ መለሰች። ስእለት አልነበረባትም። በቅዱስ ስሟ መዋሸቷም ከሕመሙ ይልቅ ያቃጥላት ነበር።

እንዲህ ሆና ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በዐሥራ አንደኛው ዓመት ከበዓለ ሃምሳ በኋላ የታላቅ ወንድሟ የመሪጌታ አንዳርጌ ልጅ ምንታምር መክሳት ጀመረች። ልጅቱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ በአባቷ ቤት ተቀምጣለች። ትርሲት ከማዕድ መካከል ብድግ ብላ ስትወጣ አየቻት፤ ስትመለስም ፊቷ አመድ መስሎ፣ ግድግዳውን ይዛ ስትራመድ አየቻት፤ ይህን አካሄድ የምታውቀው በራሷ እግር ነውና ደነገጠች። ለልጅቱም አሜባ ነው ተብሎ እንክብል ተሰጥቷት ነበር።

ወደ ወንድሟም ሄዳ፣ ልጅቱን ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት እንውሰዳት አለችው። እርሱ ግን ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሣ፣ ከፍልሰታ በኋላ ሽማግሌዎች ሊጠይቋት ቀጠሮ እንደያዙ፣ የሚያገባት ልጅ ወገኖችም ዘር የሚያጣሩ ሰዎች እንደሆኑ ነገራት። አክስታቸው ብርዛፍ በልጅነቷ ደም እየወረዳት እንደሞተች፣ ቤተሰቡም ምች መታት ብሎ እንደሸሸገው ሁለቱም ያውቁ ነበር። «በዘራቸው አለ ከተባለ ማን ይወስዳታል?» አላት። ትርሲትም፣ እኔም አለብኝ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ከዚያም መልሳ ዘጋችውና ወደ ቤቷ ሄደች። እንዲህ እያለች ሁለት ወር ዝም አለች፤ ልጅቱም በየሳምንቱ ትቀልጥ ነበር።

ፍልሰታም ገባ። ምንታምር እንደ ሰው ሁሉ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመች ሱባኤ ያዘች፤ ያ ቆሎ ለቆሰለ አንጀት እንደ ጠጠር እንደሆነ ትርሲት እያወቀች አልከለከለቻትም፤ ብትከለክላት ከየት አወቅሽ ትባላለችና። የነሐሴ ዐሥራ ስድስት ዕለት፣ የፍልሰታ በዓል ሲሆን፣ ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ወልደ ትንሣኤ ሁሉን እነግራለሁ ብላ ከቤቷ ወጣች። ነገር ግን ከጥዱ ሥር ቆማ ነጭ የለበሰውን ሕዝብ ባየች ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ሰገራዬን ነው የሚያስበው አለች፤ ዛሬም ይለፍ ብላ ልቧን ዘጋች።

ዝናቡም በቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ ሳለ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች ሴት ከበሩ ወጥታ ወደ ጥዱ መጣችና፣ «እስቲ ጠጋ በይልኝ» አለቻት። ትርሲት ከሌላ ደብር ለበዓሉ የመጣች እንግዳ መሰለቻትና ጠጋ አለችላት። ከዚያም ትርሲት ለጨዋታ ያህል፣ «እርስዎም ውስጥ መቆም አልሆነልዎትም?» አለቻት።

«ውጭ የቀረ ሰው ስላለ ነው የቆምሁት።»

«ብዙ ቆሙ?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት» አለቻት፤ «አንቺ ከወጣሽ ጀምሮ።»

ትርሲት ቀና ብላ አየቻት። ይህን ቍጥር ከእርሷ በቀር የቈጠረ ሰው አልነበረም። ሴቲቱም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጅቱ ከኋላሽ ናት» አለቻት።

ትርሲት ዞረች። ከጥዱ ግንድ በስተኋላ፣ በማትታይበት በኩል፣ ምንታምር ጭቃው ላይ ወድቃ ነበር፤ ነጭ ቀሚሷም ከወገቧ በታች በደም ርሶ ነበር። ልጅቱ እንደ አክስቷ በራሷ ላይ ፈርዳ፣ ለእናቷ በወር አበባዬ ነኝ ብላ ዋሽታ፣ ከቅዳሴው መጀመሪያ አንሥቶ እዚያ ቆማ ኖሯል። ሁለቱ በአንድ ዛፍ፣ በአንድ ሕመም፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው፣ አንዷ ሌላዋን አላየችም።

ትርሲትም ልጅቱን አቅፋ ጮኸች፤ ቅዳሴውም ያበቃበት ሰዓት ነበርና ሕዝቡ ተግተልትሎ ወጣ። መሪጌታ አንዳርጌ መቋሚያውን እንደያዘ እየሮጠ ደረሰ፤ አንዱ ምች ነው አለ፤ ሌላው ዓይን ነው አለ፤ አንዲቱም ሴት ጠበል አምጡ አለች። በዚያን ጊዜ ትርሲት ሕዝቡን ሁሉ እያየች፣ «ምች አይደለም» አለች፤ «የእኔ ሕመም ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት አንጀቴ ይደማል። አክስታችን ብርዛፍም የሞተችው በዚሁ ነው። በዘራችን አለ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አባ ወልደ ትንሣኤም መስቀላቸውን እንደያዙ ቀረቡ። ትርሲት ወንድሟ የሚቆጣት መስሏት አንገቷን ደፋች፤ እርሱ ግን መቋሚያውን ጭቃው ላይ ጥሎ ከልጁ አጠገብ ተንበረከከና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባታችንም» አለ።

ይህን በሰማች ጊዜ ትርሲት ልጅቱን እንደታቀፈች ወደ ወንድሟ ቀና አለች። የኔታ ፈንታ በቀን አንድ ኩባያ አጥሚት ብቻ እየቀመሱ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ በጾማቸው አገር ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ሰው ሁሉ ጉልበታቸውን የሚስማቸው ሰው ነበሩ። ለካ መብላት ስለማይችሉ ኖሯል። በሞቱ ጊዜ ሬሳቸውን ያጠበው አንዳርጌ ነበርና፣ ደም የነካቸውን ጨርቆች ከመደቡ ሥር አግኝቶ አቃጥሏቸው ነበር፤ የቅድስና ስማቸው እንዳይጎድል ፈርቶ ለእኅቱም አልነገራትም። በየማለዳው ውዳሴውን ሲያስጠኗት መሐል ላይ አቋርጠው፣ ተቀመጪ፣ መጣሁ ብለው ይወጡ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላት።

አባ ወልደ ትንሣኤም፣ «እየታመሙ ጸሎቱን አለመተዋቸው ነው ቅድስናቸው» አሉ፤ ወደ ትርሲትም ዘወር ብለው፣ «አንቺ ልጄ፣ ማን ገዘተሽ? ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት የጌታን የልብሱን ጫፍ ስትነካ፣ ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ ውጪ አላላትም። ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሏት።

ልጅቱንም በባጃጅ፣ ከዚያም በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ወሰዷት። አንዲት ወጣት ሐኪም፣ በቤተሰብ ይህ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ መሪጌታ አንዳርጌም ወደ እኅቱ ተመለከተ፤ ትርሲትም አለ ብላ የአራት ሰው ስም ቈጠረች። ሐኪሟም፣ ይህን ባትነግሩኝ እንደ አሜባ አክሜ እመልሳት ነበር፤ ሁለት ቀን ብትዘገዩ ደግሞ አንጀቷ ይበሳ ነበር አለች። ለምንታምር ደም ተሰጣት፤ መድኃኒቱም ተገኘላት፤ በሃያኛው ቀን በእግሯ ቆመች። ትርሲትንም በዚያው መርምረው መድኃኒት ጀመሩላት። ሐኪሟ ይህ ሕመም ከሰው ጋር የሚኖር እንጂ ፈጽሞ የሚወጣ አለመሆኑን አልደበቀቻቸውም።

ትርሲት በተመለሰች ጊዜ፣ በዚያ ዕለት ከእኔ ጋር የቆመችው ሴት ወዴት ሄደች ብላ እትዬ ማንጠግቦሽን ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸው ከበሩ ደረጃ ላይ ሆነው ሲያስቀድሱ ነበርና። እትዬ ማንጠግቦሽም አልቀለዱም። ከበሩ የወጣ ሰው እንዳልነበረ፣ እርሷን ብቻዋን ስትናገር እንዳዩዋት ነገሯትና፣ እጇን ይዘው ወደ ጥዱ ወሰዷት። በዚያ ከክረምቱ ለምለም ሣር መካከል ትርሲት ዐሥራ አንድ ዓመት የቆመችበት ስፍራ ሣሩ አልቆ አፈሩ ተረግጦ ነበር፤ ከእርሱም አጠገብ፣ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ፣ ልክ እንደ እርሷው ሁለት እግር የቆመበት፣ ሣሩ ያለቀ ሌላ ስፍራ ነበር። ዝናብ እየዘነበ ያ ስፍራ ደረቅ ነበር።

«ይኼኛው የማን ነው?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ በሹክሹክታ። ትርሲትም ተንበርክካ በግንባሯ ነካችው። አባ ወልደ ትንሣኤም ተጠርተው መጡና ጫማቸውን አወለቁ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው አልመጡም። ከእነርሱ አንዱ ግን በመስከረም ወደ ትርሲት ቤት ብቻቸውን መጡ፤ የመጡትም ስለ ጋብቻ አልነበረም፤ ሚስታቸው ለስድስት ዓመት የደበቀችውን ሕመም ይዘው፣ የሐኪሟን ስም ሊጠይቁ ነበር። በዚያው በመስከረም ዐሥራ ስድስት ቀን ትርሲት ንስሐዋን ለአባ ወልደ ትንሣኤ ነግራ፣ በሐሰት የጠራችውንም ስእለት አምና፣ ከምንታምር ጋር ገብታ ቆረበች። ሆዷም በዚያ ዕለት ያማት ነበር፤ ነገር ግን ከውስጥ ቆማ ነበር የታመመችው፤ ምስጋናዋም ስለዚህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትርሲት በቆመችበት ስፍራ ሣር በቀለ። ከአጠገቡ ባለው ስፍራ ግን እስከ ዛሬ አልበቀለም፤ ከደጅ የቀረ ሰው ገና አለና።

አፍራችሁ ዝም ያላችሁ ሁሉ፣ ከአጠገባችሁ የቆመችው እመቤት አፋችሁን ትክፈት፤ በአልጋ ያሉትን ትጎብኝ፤ ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ ደዌ የሚደክሙትን በልጇ ቸርነት ታጽና። ያነበበውን፣ የሰማውን፣ ሰምቶም ለታመመ ዘመዱ የነገረውን ትባርክ፤ እያፈረች ለጻፈችው ለወለተ ኪዳንም ምሕረትን ትለምንላት፤ ለዘለዓለሙ አሜን።