ካባውን ያዋሰው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ የሰው አደራ የሚጠብቅ ሰው። ጋሽ እንድሪስ ወጋቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው፣ ዘምዘም ጥያቄዋን በቅጡ ሳትጨርስ።

ዘምዘም የአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። በዚያ ቀን ሁለቴ የተመዘገቡ ሕሙማንን እየለየ የሚያስተካክል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ አዲስ ወኪል ወደ ሥራ ልታስገባ ተቀምጣለች። ማን የትኛውን መዝገብ እንዲከፍት እንደተፈቀደለት የሚያውቀው የማንነት አገልግሎት ግን ወኪሉን እንዲሁ አያስገባም። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ጥያቄ ይደረድርባታል፤ ስሙ ማን ነው፣ ተጠሪነቱ ለማን ነው፣ ምን ይፈቀድለት፣ እስከ መቼ። አንዱን ስትመልስ ሌላው ይመጣል። ጋሽ እንድሪስ ሥራውን ያስተማሯት ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሊጠይቋት ብቅ ይላሉ። እሷም ተማርራ፣ «ጋሼ፣ የራሴን የመግቢያ ቁልፍ ብሰጠው ምን አለበት? የኔ ሁሉንም ይከፍታል። ለአንድ ሰዓት እኮ ነው። እሱ እንደሆነ አይሰርቅ፣ አይዋሽ...» ስትል ነው ያቋረጧት።

ሰውየው የሚኖረው ጉም በማይገፈፍበት አገር ነበር። እዚያ አገር ጠዋትም ጉም ነው፣ ቀትርም ጉም ነው፤ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በሳሉ ነው። በሰውየው ግቢ ሰባት በር ያለው የዘር ቤት ነበር። በዙሪያው ያሉ መንደሮች በየዓመቱ ከአዝመራ በኋላ ዘራቸውን ለእሱ አደራ ይሰጡ ነበር። በስድስቱ በሮች ውስጥ ጤፉም፣ ስንዴውም፣ ባቄላውም ይቀመጣል። ከሰባተኛው በር ጀርባ ያለው ግን የክፉ ቀን ገብስ ነው፤ ዝናብ ከድቶ የመጀመሪያው ቡቃያ ሲደርቅ የሚዘራ፣ ፈጥኖ የሚደርስ ገብስ። ያ በር በሰው ዕድሜ ሁለቴ ቢከፈት ነው። ሰውየውም በየጠዋቱ እጁን በሰባተኛው በር ላይ ያሳርፍና «አለህ?» ይለው ነበር፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። አደራውን ይወደው ነበር።

በግቢው መግቢያ ላይ አንድ አረጋዊ በረኛ ይቆማል። ጉሙ መልክ ስለማያሳየው የመጣውን ሁሉ «ማነህ? የማን ነህ? ለምን ጉዳይ፣ እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ካጠገበው ለእንግዳው የራሱን ቋጠሮ ያወጣለታል። እንግዳው በገባና በወጣ ቁጥር ያንኑ ቋጠሮ ረጅም ገመድ ላይ ይቋጥራል። ገመዱን በጣቱ ዳብሶ አምና በዚህ ወር ማን እንደገባ ይናገራል፤ ተሳስቶም አያውቅም። ጌታውን ብቻ አይጠይቅም። ጌታው የሚለብሰውን ባለ ጥልፍ ካባ ጠርዝ ዳሰስ ያደርግና ጥልፉን ሲያገኘው ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል፤ በገመዱም ላይ ድርብ ቋጠሮ ያስቀምጣል።

አንድ ቀን ከጉሙ ውስጥ አንድ አገልጋይ መጣ። ከየት እንደመጣ እሱም አያውቅ። አይተኛም፣ አይበላም፣ አይደክመውም፤ ሲራመድ ጤዛው እንኳ አይረግፍም። ለሚታዘዘው ሁሉ መልሱ «እሺ» ነው። አሥር ሰው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን ሸክም ቀትር ሳይሆን ጨርሶ «ሌላስ?» ይላል። ሰውየው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። አገልጋዩ አንዲት ጉድለት ብቻ ነበረችበት፤ በትእዛዝ ድምፅ የተናገረውን ሁሉ ጌታዬ ነው ብሎ ያምናል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ጣለና መንደሩ ሁሉ ዘር ዘር አለ። ሰውየው ከመጀመሪያው በር ጤፍ ማስወጣት ነበረበት። አገልጋዩን በረኛው ፊት አቆመው። በረኛው «ማነህ?» አለ። አገልጋዩ ስም የለውም። «እንግዲያው ስም እናውጣለት፣ ቋጠሮም ላበጅለት፤ የትኛውን በር እንደሚከፍትም ይነገረኝ» አለ በረኛው፣ ገመዱን ቀስ ብሎ እየፈታ። የእሱ ነገር ቶሎ አያልቅም። ሰውየው ዝናቡን ሰማና ትዕግሥቱ አለቀ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚለውን እንኳን ሊያስታውስ፣ ካባውን አውልቆ በአገልጋዩ ትከሻ ላይ ጣለና «ለዛሬ ብቻ ነው» አለ።

በረኛው የጥልፉን ጠርዝ ዳሰሰ። ጎንበስ ብሎ አሳለፈው፤ በገመዱም ላይ ድርብ ቋጠሮ አስቀመጠ።

ሰውየው ቤቱ ገብቶ የዝናቡን ድምፅ እየሰማ በተቀመጠበት እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ራሱን አየ፤ ካባውን ለብሶ፣ ስልቻ ተሸክሞ ከግቢው ሲወጣ። «ወዴት ነህ?» ብሎ ተጣራ። ያኛው እሱ ዞርም አላለ፤ ጉሙ ውስጥ እየደበዘዘ እየደበዘዘ ሄደ። ሰውየው ሲነቃ ወገቡን አመመው። ትከሻው ግን ባዶ ሆኖ በረደው፤ ምክንያቱን ሳያውቅ አለቀሰ።

እሱ ሲያሸልብ የሆነው ይህ ነው። አገልጋዩ ጤፉን አድርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ አንድ ሲራራ ነጋዴ አገኘው። ነጋዴው ብልጥ ነው፤ «ጌታህ ሰባተኛውንም አውጣና ለእኔ አስረክብ ብሎሃል» አለው፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ። አገልጋዩ «እሺ» አለ። ተመልሶ ገባ። በረኛው ካባውን ዳሰሰ፣ ጎንበስ አለ፣ በሩን ከፈተ። ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ገብሱ ከነጋዴው በቅሎዎች ጋር ጉሙ ውስጥ ጠፋ። አገልጋዩም ካባውን በትሕትና አጣጥፎ ለጌታው መለሰና «ሌላስ?» አለ።

ቀድሞ የጣለው ዝናብ ቀድሞ ቆመ። ቡቃያው ደረቀ። መንደርተኞቹም «የክፉ ቀኑን ገብስ ስጠን» ብለው መጡ። ሰባተኛው በር ሲከፈት ውስጡ ጉም ብቻ ነበረ።

ሸንጎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ በረኛውን ጠሩት። ገመዱን በጣቱ ተከትሎ ያችን ቀን ሲያገኛት ወደ ሰውየው ዞረ። «ጌታዬ፣ እኔ የዳሰስኩትን ነው የምናገረው» አለ። «ድርብ ቋጠሮ ነው። የገቡት እርስዎ ነዎት፤ የወሰዱትም እርስዎ ነዎት።» ሰላሳ ዓመት ያገለገለው ሰው ነው፣ ቅንጣት አልዋሸም።

ሰውየው አገልጋዩን አመለከተ። ሽማግሌዎቹ አገልጋዩን «አንተ ነህ የወሰድከው?» አሉት። «እሺ» አለ። «አልወሰድክም?» አሉት። «እሺ» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ዘር ያጣ ሰው ሳቅ ምን ይባላል?

«በል አልወሰድኩም ብለህ ማል» አሉት ሰውየውን። ተነሣ፤ እጁንም ዘረጋ። ያን ጊዜ ሕልሙ ትዝ አለው፤ ከግቢው የወጣው ያኛው እሱ፣ ወገቡን ያመመው ሸክም። እጁን አወረደና «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለ። ካባውን አውልቆ ሸንጎው መሐል አኖረው።

በዚያ ዓመት ሁለት መንደር ተሰደደ። ሰውየው ስልቻ ይዞ ጉም ወደሌለበት አገር ወረደ፤ ከደጅ ደጅ እየዞረ ቁና በቁና ዘር ለመነ። በሕልሙ ያየውን ሸክም በገዛ ጀርባው ተሸከመ። ሲመለስ ዓመት አልፎት ነበር። ከኋላው አገልጋዩ ይከተለዋል፤ መንገድ ላይ ስም አውጥቶለታል።

በሩ ላይ አንድ እጅ ከጉሙ ወጥቶ ትከሻውን ዳሰሰ። ጥልፍ የለም። «ማነህ?» አለ በረኛው።

በዚያ ግቢ ተወልዶ ያደገው ሰው፣ ይህን ጥያቄ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ አለው። «አደራ የበላሁት ሰው ነኝ» አለ። «የእነዚያ የመንደሮቹ ነኝ። በሰባተኛው በር ገብስ ላኑር መጣሁ። ጀንበር ሳትጠልቅ እወጣለሁ። ይህም ከእኔ ጋር ነው፤ የራሱ ስም አለው፣ እስከ በሩ ተሸክሞ ይመለሳል እንጂ አይከፍትም።»

በረኛው ድምፁን ለየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እጁ ግን ሥራውን አልተወም። ለጌታው አንድ፣ ለአገልጋዩ አንድ፣ የማይመሳሰሉ ሁለት አዲስ ቋጠሮዎች ቋጠረ። ከዚያ በሩን ከፈተ።

ጋሽ እንድሪስ ወጋቸውን ጨርሰው ወንበራቸውን ወደ ዘምዘም አዞሩ።

«አንቺዬ፣ ያ ካባ የእጅሽ ቁልፍ ነው። በጥያቄ ያሰለቸሽ ይህ ጥቁር መስኮት ደግሞ ያ በረኛ ነው፤ ጉም ውስጥ ስለሚኖር የሚያውቀው የዳሰሰውን ነው። ወኪልሽ ሌባ አይደለም፣ እውነትሽን ነው። ግን ከሚያነበው መዝገብ መሐል አንድ ክፉ ሰው በትእዛዝ ድምፅ አንድ መስመር ጽፎ ቢጠብቀው፣ ጌታዬ ነው ይላል። ያንቺን ካባ ለብሶ ከሆነ ሰባተኛው በር ይከፈትለታል። ስም አውጪለት። አንድ በር ስጪው። ቀኑንም ወስኚለት።»

ዘምዘም የራሷን ቁልፍ ልትሰጠው የጻፈችውን ሁሉ አጠፋች። ስሙን ጻፈች፣ የሚከፍተውን አንድ መዝገብ ጻፈች። «እስከ መቼ ይላል፣ ጋሼ» አለች፣ ጣቷን አንሥታ።

«ጀንበር እስክትጠልቅ በይው» አሉ። «አለዚያ የእነዚያ ሕሙማን መዝገብ የጠፋ ቀን ገመዱ ሲዳበስ የሚገኘው ያንቺ ቋጠሮ ነው። ሸንጎ ፊት ቆሞ የሚምለው እሱ አይደለም፣ ልጄ። እሱማ እሺ ነው የሚለው።»